ከአዳራሹ ወደ ጠረጴዛው፦ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ መጠጥ ለሚሠሩ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ሦስት ተማሪዎች አራተኛውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ግቢው ክሊኒክ አመጡት። ተረኛ ነርስ ነበርሁ። የልጁ ሰውነት ቀዝቅዟል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ዳነ። ሲነጋ ጓደኞቹን ሳነጋግራቸው ልጁ መልስ መስጠት ያቆመው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንደነበር ነገሩኝ። አራት ሰዓት ሙሉ በጀርባው አስተኝተው ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። ለምን ቶሎ አላመጣችሁትም ስላቸው አንደኛው መሬት መሬት እያየ፣ «ፕሮክተሩ፣ የዶርም ተቆጣጣሪው፣ ካወቀ ስማችን ይመዘገባል ብለን ፈራን» አለኝ።

ጓደኛቸውን የሚወዱ ልጆች ነበሩ። ስለ መጠጥ ጉዳት በሚናገር ስብሰባም ላይ ተቀምጠዋል፤ የታመመ ጉበት ሥዕል በአዳራሹ ታይቷቸዋል። ሁለት ነገር ግን ማንም አልነገራቸውም፦ ጓደኛ መልስ መስጠት ሲያቆም ምን እንደሚደረግ፣ እና ይዘውት ቢመጡ እንደማይቀጡ። ሁለተኛውን እኛም ልንነግራቸው አንችልም ነበር፤ በጊዜው እውነት አልነበረምና።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለተማሪዎች ኅብረት፣ ለጤና ክበብ፣ ለሥርዓተ ፆታ ክበብ አባላት፣ እንዲሁም ማንም ሳያዛቸው «በዶርማችን አንድ ነገር እናድርግ» ለሚሉ አምስት ስድስት ተማሪዎች ነው። የመጠጥ ውሳኔ የሚወሰነው ጠረጴዛ ላይ፣ በጓደኛሞች መካከል ስለሆነ ሥራችሁም ከዚያው መጀመር አለበት።

1. መጀመሪያ ጠይቁ

ፖስተር ከማሳተማችሁ በፊት በግቢያችሁ የሚሆነውን እወቁ። ስም የማይጻፍበት ግማሽ ገጽ ወረቀት አዘጋጁና አራት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን ጠጣህ? በጠጣህበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ስንት ጠጣህ? ሌላው የዚህ ግቢ ተማሪ በወር ስንት ቀን የሚጠጣ ይመስልሃል? ጓደኛህ ራሱን ቢስት ወደ ክሊኒክ ለመውሰድ የሚያስፈራህ ነገር አለ? ወረቀቱ በተዘጋ ሳጥን ይሰብሰብ። በስልክ የሚሞላ ቅጽ ቢቀልም ብዙ ተማሪ ስልኩ እንደሚያጋልጠው ስለሚያስብ እውነቱን አይጽፍም።

ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ፐርኪንስ እና በርኮዊትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን አጠጣጥ ከእውነቱ አብዝተው እንደሚገምቱ አሳይተዋል፤ ከዚያ በኋላም በብዙ ግቢዎች ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ዓርብ ማታ ኮሪደር ላይ እየጮኸ የሚገባው አንድ ተማሪ ሕንፃውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ተኝተው የነበሩትን ሠላሳውን ማን ያያቸዋል? አዲስ የመጣ ተማሪ የሚሰማው ያንን አንዱን ነው፤ «እዚህ ሁሉም ይጠጣል» ብሎ ይደመድምና ከእነርሱ እንዳያንስ ይጀምራል።

መልሱን ስትቆጥሩ አብዛኛው ተማሪ እንደማይጠጣ ወይም ጥቂት እንደሚጠጣ ካገኛችሁ፣ የመጀመሪያው መልእክታችሁ ይኸው የራሳችሁ ግቢ ቁጥር ይሁን። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ግን አታሳምሩት። ተማሪው ዶርሙን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ የዋሻችሁ መስሎ ከታየው ቀጥሎ የምትናገሩትን አይሰማም።

2. ሁለት ዓይነት ሰሚ እንዳላችሁ እወቁ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በመጀመሪያና በሁለተኛ ዓመት ካሉት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው፤ ለእነርሱ ኃላፊነት የተሞላበት አጠጣጥ ማለት አለመጠጣት ነው። ይህን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ። የ19 ዓመት ልጅ ማታ ራሱን ቢስት ግን ሕጉን ማንበብ አያድነውም፤ ስለዚህ ነፍስ የማዳን ትምህርቱ ዕድሜ ሳይለይ ለሁሉም ይሰጥ።

ለሚጠጡትም ቢሆን «በልክ ከሆነ ለጤና ይጠቅማል» የሚለውን አባባል አትጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ከጉዳት ነፃ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የእናንተ ሥራ ጉዳቱን መቀነስ ነው፤ መጠጥን ማሞገስም የጠጣውን መርገምም አይደለም።

የማይጠጡትን ደግሞ አትርሱ። በግቢ ጉባኤው፣ በጀመዓው፣ በፌሎው ውስጥ በእምነታቸው ምክንያት ጨርሶ የማይቀምሱ ብዙ ተማሪዎች አሉ። በቡድናችሁ ውስጥ ቦታ ስጧቸው፤ ሲመጡ ግን ስብከቱን በየጉባኤያቸው ትተው ለጓደኛቸው ደኅንነት እንዲመጡ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ካየኋቸው ቡድኖች የተሳካላቸው የሚጠጣውንም የማይጠጣውንም አብረው የያዙት ናቸው።

3. ልኩን በዓይን አሳዩ

ተማሪው «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ሲል ሁለት ምን? ጠርሙስ ቢራ፣ ትልቅ ድራፍት፣ ብርሌ ጠጅ እና መለኪያ አረቄ አንድ አይደሉም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጠጡ መጠን በሚሊ ሊትር ሲባዛ በአልኮሉ መቶኛ፣ ለ100 ሲካፈል፣ በ0.8 ሲባዛ ንጹሕ አልኮሉን በግራም ይሰጣል።

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው 13 ግራም ያህል ነው። ግማሽ ሊትር ድራፍት 20 ግራም ይደርሳል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢቀዳ ወደ 13 ግራም ይጠጋል፤ ያቺ ትንሽ መለኪያ ከሙሉ ጠርሙስ ቢራ እኩል ናት ማለት ነው። የቤት መጠጥ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ጠጁ 10 በመቶ ቢሆን ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 20 ግራም፣ ጠላው 4 በመቶ ቢሆን ግማሽ ሊትሩ 16 ግራም ይይዛል።

ይህን በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ጠርሙስ፣ ብርሌ፣ መለኪያና የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዛችሁ ኑ፤ በውኃ ሙሉና «እኩል አልኮል እስኪሆን ቅዱ» በሏቸው። በፕላስቲክ ብርጭቆ አረቄ ቅዳ የተባለ ተማሪ ሁልጊዜ አብዝቶ ይቀዳል፤ ቀጥሎ በመስፈሪያ ሲለካው ራሱ ይደነግጣል።

ከዚያ ስለ ጊዜው ንገሯቸው። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ያስወግዳል። አራት ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ሰው 52 ግራም ይዞ ይተኛል፤ ከሰውነቱ እስኪወጣ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሎሚ፣ ሩጫ ይህን አያፋጥኑም። ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው።

ሴት ተማሪዎች በሰውነታቸው ያለው የውኃ መጠን በአማካይ ስለሚያንስ በተመሳሳይ መጠን በደማቸው ያለው አልኮል ከፍ ይላል። «ከእርሱ እኩል ጠጣሁ» ማለት እኩል ሰከርሁ ማለት አይደለም።

ሆድንም አትርሱ። የግቢው ካፌ እራት የሚያቀርበው ገና ሳይመሽ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ የሚከብ ተማሪ ሆዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ሆድ አልኮልን በፍጥነት ወደ ደም ያሳልፋል። ለመጠጥ ከሚዋጣው ብር የመጀመሪያው ለምግብ እንዲሆን አስለምዱ።

4. ጠረጴዛው ላይ

እዚህ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ስጡ። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚሰክረው በጥማት ሳይሆን በይሉኝታ ነው። አንዱ ለጠረጴዛው ሁሉ ይጋብዛል፣ የተጋበዘው ግብዣውን ሳይመልስ መነሣት ያፍራል፣ አምስት ሰው ከተቀመጠ አምስት ዙር ይሆናል። ከዚያ «በሞቴ» ይመጣል፤ «እኔ ልሙት አንዲት ብቻ» ይመጣል። ፍቅር የሚነገርበት ቃል ስለሆነ እምቢ ማለት ጓደኛን መናቅ ይመስላል። ይህን ባህል አትሳደቡ፤ አብረን የኖርንበት የመተሳሰብ ባህል ነው። መውጫውንም ከራሱ ውስጥ ፈልጉ።

አንደኛው መውጫ ግብዣን በምግብ መመለስ ነው። «ዙሩ የእኔ ነው፤ ጥብስ አዝዣለሁ» ያለ ሰው ቋጣሪ ተብሎ አይታማም፣ ጠረጴዛውም ይጠቀማል። ሁለተኛው ብርጭቆን ባዶ አለማድረግ ነው፤ ጋባዥ የሚቀዳው የጎደለውን አይቶ ነውና። ሦስተኛው መጀመሪያ ማዘዝ ነው፦ አስተናጋጁ ሲመጣ ቀድሞ «ለእኔ አምቦ ውኃ» ያለ ሰው ተከታይ ያገኛል፤ አንድ ሰው እስኪጀምርለት የሚጠብቅ ሌላ ሰው በጠረጴዛው ላይ አይጠፋም። አራተኛው ከመቀመጥ በፊት የመነሻውን ሰዓት ተስማምቶ መናገር ነው፤ የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት ስላለ ይህ ሁሉም የሚቀበለው ምክንያት ነው።

እነዚህን ተናግራችሁ አትለፉ፤ አለማምዱ። ስድስት ወንበር ክበብ ሥሩ፣ አንዱ ጋባዥ ይሁን፣ አንዱ እምቢ ባይ። ጋባዡ በሞቴ እያለ አጥብቆ ይለምን። እምቢ ባዩ ረጅም ምክንያት ሲደረድር እንደሚሸነፍ ሁሉም ያያል፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አለና። «ይበቃኛል፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ፈገግ ብሎ ወሬውን የሚቀጥል ግን ሦስተኛ ጊዜ አይለመንም። ጋባዥ የሆነውንም አስተምሩት፦ አንድ ጊዜ ጠይቆ መተው ክብር ነው።

ከእያንዳንዱ ቡድን በዚያ ምሽት የማይጠጣ አንድ ሰው ይመረጥ። ስልኩ የተሞላ ይሁን፣ ለባጃጅ የሚበቃ ገንዘብ ለብቻው ይያዝለት፣ ስንት ሰው እንደወጣና ስንት እንደተመለሰ ይቁጠር። በተራ ስለሚደርስ ማንም ሸክም ነው አይልም። ሴት ጓደኛቸውን ከማያውቁት ሰው ጋር ትተው እንዳይመጡ በግልጽ ይነገራቸው። የሰከረ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ይህ ለወንዶቹ በማያሻማ ቋንቋ መነገር አለበት፣ ጥቃት የደረሰባት ተማሪም ጠጥታ ስለነበር ጥፋተኛ እንዳልሆነች የሥርዓተ ፆታ ክፍሉ ደጋግሞ ይናገር።

ስለ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ ስለሚጠጣ መጠጥ፣ ለብቻው ተነጋገሩ። ፈተና ሲደርስ ጫት ቅሞ ሲያጠና የሰነበተ ተማሪ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጫቱ ስለሚያነቃቃው ስካሩ አይሰማውም፤ «ገና ነኝ» እያለ ከወትሮው እጥፍ ይጠጣል። ጫቱ ሲበርድ አልኮሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተጫነው ይመስላል፤ ልብም ሁለቱን በአንድ ሌሊት ይሸከማል። ክሊኒካችን በፈተና ማግስት ይሞላ የነበረው በዚህ ነው። ምርቃና ለመስበር ውኃ፣ ምግብና የእግር ጉዞ ይበጃል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ያልፋል።

መድኃኒት የሚወስዱም ይጠንቀቁ። ሜትሮኒዳዞል፣ የቲቢ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስድ ተማሪ ሐኪሙን ሳይጠይቅ መቅመስ የለበትም።

5. መልስ የማይሰጥ ጓደኛ

ይህን ክፍል በየዶርሙ በ20 ደቂቃ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ።

ጓደኛችሁ ሲጠራና ትከሻው ሲነቀነቅ ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሴኮንድ ካለፈ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከገረጣ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ራሱን ስቶ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ እርዳታ ለመጥራት አንዱ ምልክት ብቻ ይበቃል። ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ። «ይተኛ፣ ይለቀዋል» የሚለው አባባል እጅግ አደገኛ ነው፤ የመጨረሻው ብርጭቆ ከሆድ ወደ ደም ገና እየገባ ስለሆነ ሰው ከተኛ በኋላም ስካሩ ሊጨምር ይችላል።

በጎኑ አስተኙት። ከላይ ያለውን ጉልበቱን አጥፋችሁ ወደ ፊት አውጡት፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጉ፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል፤ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው አይገባም። ብርድ ልብስ አልብሱት። አንድ ሰው ከአጠገቡ አይነሣ፣ ትንፋሹን ይቁጠር። ሌላው ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሩጥ ወይም በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ጣት ከቶ ማስመለስ፣ ቡና መጋት፣ ሻወር ሥር ማቆም ክልክል ነው። ለጤና ባለሙያው ምን፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠጣ፣ ጫት ወይም መድኃኒት እንደወሰደ እውነቱን ተናገሩ።

ምንጩ የማይታወቅ አረቄ ወይም መለያው የተጠረጠረ ጠርሙስ የጠጣ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ሆዱን አጥብቆ ከቆረጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ሜታኖል ሊሆን ይችላል። ይህ መርዝ ምልክቱን የሚያሳየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ሕክምና አለው፤ ግን ለሆስፒታል ነው፣ በፍጥነት። አብረው የጠጡትም ባይታመሙ እንኳ አብረው ይሂዱ።

ሲለማመዱ መሳቅ ይመጣል፤ አትከልክሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ግን አንድን ጓደኛውን በእጁ ገልብጦ በጎኑ ሳያስተኛ አይውጣ።

6. ስም እንዳይመዘገብ ተስማሙ

የዚያን ሌሊት አራት ሰዓት የበላው ፍርሃት በትምህርት አይወገድም፤ የሚወገደው ዩኒቨርሲቲው በሚያወጣው ደንብ ነው። አሜሪካ የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ለታመመ ጓደኛው እርዳታ የጠራ ተማሪ በመጠጡ ምክንያት እንዳይቀጣ ደንብ ሲያወጣ እርዳታ የሚጠሩ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ።

ለተማሪዎች ዲን የምታቀርቡት አንድ ገጽ ይበቃል። ሦስት ነገር ይኑረው፦ በአልኮል የታመመን ተማሪ ወደ ክሊኒክ ያመጣ ወይም አምቡላንስ የጠራ ተማሪ በመጠጡ ብቻ በዲሲፕሊን አይጠየቅም፤ የታመመውም እንዲሁ፣ ከአማካሪ ጋር አንድ ጊዜ እስከተነጋገረ ድረስ፤ ደንቡ ግን ድብደባን፣ ጥቃትንና ንብረት ማውደምን አይሸፍንም። የመጨረሻው ነጥብ አስተዳደሩን ያረጋጋዋል። ከአራተኛው ጥያቄያችሁ ያገኛችሁትን መልስ አያይዙ፤ ስንት ተማሪ እንደሚፈራ በቁጥር ሲያይ የማይራራ ዲን እምብዛም ነው። ደንቡ ሲጸድቅ ለፕሮክተሮችና ለበር ጥበቃዎች በቃል አስረዱ። ማታ የሚያጋጥማችሁ ዲኑ ሳይሆን ጥበቃው ነው።

7. ለብቻው የሚደረግ ንግግር

አንዳንዱ ጓደኛ ከደንብ በላይ ይፈልጋል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለካፌ ያለውን ገንዘብ የጨረሰ፣ ለብቻው መጠጣት የጀመረ ተማሪ ካያችሁ ጠጥቶ ሳለ ሳይሆን በማግስቱ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አነጋግሩት። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «ባለፈው ሳምንት ሁለት ፈተና አመለጠህ፤ አሳሰበኝ።» ከዚያ አዳምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ስለ ሰው አጠጣጥ የሚጠይቅ፣ ኦዲት (AUDIT) የተባለ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ በክሊኒክ ይሞላል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ውጤት ችግር መኖሩን ያመለክታል።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ሰው «ዛሬውኑ አቁም» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ሰውነቱ ከለመደ ግን ድንገት ማቆም ማንቀጥቀጥና መጣል ሊያመጣ ይችላል። በሐኪም ክትትል ይሁን። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ በክልል ያሉት የሪፈራል ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ የግቢው ክሊኒክ ወደዚያ ሊልክ ይችላል።

8. መቼ

አዲስ ተማሪዎች ከቤተሰብ ተለይተው የሚያሳልፏቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቀዳሚ ናቸው፤ ጓደኛ የሚያዘው ያኔ ነው። ቀጥሎ የፈተና ማግስት፣ ቀጥሎ የምርቃት ሰሞን። ፋሲካንም በቀን መቁጠሪያችሁ አስፍሩ፦ ሁለት ወር ያህል ጾሞ ያልቀመሰ ሰው ሰውነቱ መጠጡን ረስቶታል፤ የድሮ ልኩን ቢጠጣ አብዝቶ ይሰክራል።

ብዙ ወንድ ተማሪ ቅዳሜና እሑድ መጠጥ ቤት የሚሄደው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለማየት ነው፤ ቢራው የወንበሩ ኪራይ ነው። በላውንጁ ትልቅ ስክሪን ካለ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ ከተሸጠ፣ ብዙው እዚያው ይቀራል። ከመጠጥ ፋብሪካ ለዝግጅት የሚሰጥን ገንዘብ ግን አትቀበሉ፤ አርማው ከመልእክታችሁ በላይ ይታያል።

በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ አራት ጥያቄ፣ ቃሉን ሳትለውጡ፣ እንደገና ጠይቁ። በተለይ አራተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ፤ «አልፈራም» ያሉት ከጨመሩ ሥራችሁ ይዟል። ሁለቱንም የወረቀት ክምር፣ የደንቡን ቅጂና የውኃ መስፈሪያዎቹን በአንድ ካርቶን አድርጋችሁ ከመመረቃችሁ በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስረክቡ።